በቆጋ ቦይ ዳር ጥሩንባ ያስነፋ ሩጫ

ከቆጋ ከተመለስኩ ወዲህ ወፍጮ ቤት እህል ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ትርንጎ፣ ያን ሁሉ ገበሬ አካፋ አስይዘሽ ያስሮጥሽው እውነት ነው?» ይለኛል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ እንዴት ፍኖተ ሰላም እንደገባ አላውቅም። እውነት ነው እላለሁ። «እስኪ ከመጀመሪያው ንገሪን» ሲሉኝ ግን ፊቴ እንደ ዛላ በርበሬ ይቀላና ወደ ወፍጮው እዞራለሁ። በአጭሩ መመለስ ለምጃለሁ፤ ረጅም ወሬ ግን ገና ነው። ስለዚህ ጻፍኩት። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ቢሆንም መጻፍ ከማውራት ይቀለኛል። ወረቀት ዓይን ዓይኔን አያየኝም።

ወፍጮ ቤት የምወደውም ለዚህ ነው። ሞተሩ ከተነሣ ማንም ማንንም አይሰማም። ሌሎቹ ይጮሃሉ፤ እኔ በእጄ ብቻ እሠራለሁ። መዳፌን ከዘረጋሁ «ቆይ» ማለት ነው፤ ወደፊት ከጠቆምኩ «ተራሽ ደርሷል፣ እለፊ» ማለት ነው። እንዲህ እያልኩ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳልተነፍስ እውላለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጎህ ሲቀድ ላህ ወንዝ ድረስ ወርጄ እሮጣለሁ። ለውድድር አይደለም። የሚሮጥ ሰው አያናግሩም፤ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ በቃ።

አንጓች አብሮ አደጌ ናት። ትምህርት ቤታችን ሩቅ ስለነበር ሁልጊዜ አብረን እየሮጥን ነው የምንደርሰው። መሮጡ የእኔ፣ ማውራቱ የእሷ ነበር። መምህሩ እኔን ሲጠይቁ እሷ ትመልሳለች። ያኔ ነው ቃል ያስገባችኝ፦ «ሴት ልጅ ከወለድኩ ክርስትና የምታነሻት አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው አላስነካም።» ኋላ ቆጋ ለሚኖር ፈንታ ለሚባል ገበሬ ተዳረች። በዚህ ዓመት ሴት ልጅ ወለደች፤ ሰማንያ ቀኗም ጥር መጨረሻ ዓርብ ላይ ዋለ። ስልክ ደወለችልኝ።

«ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ።»

«ቄሱ ሲጠይቁሽ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለሽ ትመልሻለሽ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«ትርንጎ?»

«እመጣለሁ አልኩሽ እኮ።»

ለማታውቁት፣ ሕፃን አፍ ስለሌላት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰይጣንን የምትክድላት ክርስትና እናቷ ናት። ልጅቷን ታቅፋ፣ ወደ ምዕራብ ዞራ፣ በሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብላ «እክድሃለሁ» ትላለች። አንጓች በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፦ «አማቴ እትየ አልማዝን አዘጋጅታለች። ጎረቤታችን ናት፤ ድምጿ ማዶ ተሻግሮ ይሰማል። አንቺ ብትቀሪ እሷ ናት የምታነሳት። እንዳትቀሪ በሞቴ!»

*ማክሰኞ*

ተዘግቶ የነበረው መንገድ ተከፍቷል በተባለ ማግስት ተነሣሁ። የያዝኩት ለሕፃኗ ነጭ ቀሚስ፣ ማተብ፣ ለእኔ አንድ ቅያሪ ልብስና የሩጫ ጫማዬን ነው። ጫማው የሰልባጅ ነው፤ የግራው ማሰሪያ ቀይ፣ የቀኙ ነጭ።

ማደሪያዬ ቡሬ አክስቴ ዘርፌ ቤት ነበር። ቤቷ ከተማው መግቢያ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር ነው። ከሚኒባስ ለመውረድ ሁለት ቃል ብቻ ማለት ይበቃል፦ ወራጅ አለ። ገና ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ቃሉን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ምላሴ ላይ አስቀመጥኩት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ልናገር መስሎት ዞሮ አየኝ፤ በዚያው ቃሉ ተመልሶ ሆዴ ገባ።

የአክስቴ ቤት መጣ። አክስቴም በር ላይ ቆማ ነበር። በመስኮት አየችኝና እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩላት። ሚኒባሱ አለፈ።

መናኸሪያ ወርጄ በእግሬ ተመልሼ ስደርስ አክስቴ አሁንም እዚያው በር ላይ ነበረች። «ልጀ፣» አለችኝ፣ «ልትጠይቂኝ ነው ወይስ ልትሰናበቺኝ ነው ያለፍሽው?» ከዚያ በኋላ ማታውን ሙሉ እጇን እያወዛወዘች ታስቀኝ ነበር። ቅቤ የጠገበ ፍትፍት አቀረበችልኝ፤ ጠገብኩ ስላት ሰማሁም አላለች። እኛ ፍኖተ ሰላም እንግዳ ሦስቴ ሲለምኑት ይበቃዋል። ቡሬ ቁጥር የለውም። በመጨረሻ እዚያው መደቡ ላይ ጉርሻ እንደያዝኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

*ረቡዕ*

ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ሮጥኩ። ቡሬ ቀዝቃዛ ናት፤ ከእኛ ይልቅ ትበርዳለች። አየሩ ጠርቷል፣ ከከተማ ወጣ ሲሉ መንገዱ በባሕር ዛፍ መሃል ጭር ብሎ ይሄዳል። እንዲህ ያለ መንገድ ሳገኝ እግሬ ራሱ ይስቃል። ችግሩ የመጣው ስመለስ ነው። አቋራጭ ብዬ የገባሁበት ሰፈር ሰው ሁሉ በርበሬውን ደጁ ላይ ጅባ አንጥፎ አስጥቶታል። በየደጁ ቀይ ምንጣፍ የተዘረጋ ነው የሚመስለው። በሩጫ የሚተነፍስ ሰው ደግሞ ትንሽ አይተነፍስም። ሁለት ቤት እንዳለፍኩ ማስነጠስ ጀመርኩ። እየሮጥኩ አስነጥሳለሁ፣ ባስነጠስኩ ቁጥር እዘላለሁ፣ በዘለልኩ ቁጥር ውሻ ይጮሃል። አንዲት ሴት ከአጥር ውስጥ ሆና «ይማርሽ!» አለችኝ። ቀጥሎ ያለው ቤትም «ይማርሽ!» አለኝ። ሰፈሩን እስክጨርስ በምርቃት ተሸኘሁ።

አክስቴ ለአንጓች ብላ ተደልዞ የተፈጨ በርበሬ በፌስታል ቋጠረችልኝ። «አራስ ቤት ያለ ቡሬ በርበሬ አይገባም» አለች። እሱን ይዤ የመራዊ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። ፌስታሉን መቀመጫዬ ሥር አስቀመጥኩት።

እንጅባራ ላይ ድንች የሚሸጡ ሴቶች በመስኮት በኩል በአዊኛ እየተጣሩ መጡ። አንድ ጆንያ ወደ ውስጥ ሲገባ በርበሬዬ ላይ አረፈ። ፌስታሉ ቧ ሲል ሰማሁ። መጀመሪያ ከኋላዬ ያሉት ቄስ አስነጠሱ። ከዚያ አጠገባቸው ያለችው ሴት። ከዚያ ረዳቱ። ዳንግላ ሳንደርስ አውቶቡሱ በሙሉ ያስነጥስ ነበር፤ ሾፌሩ ሳይቀር።

«የማን ነው በርበሬው?» አለ ረዳቱ ዓይኑን እየጠረገ። «ባለቤቱ ይናገር፣ አልቆጣም!»

ምን ብዬ ልናገር? ከሁሉም በላይ የማስነጥሰው እኔ ነበርኩ። አጠገቤ የነበረችው ባልቴት ጎንበስ ብላ ወደ እግሬ ሥር አየች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያም ነጠላዋን ፈታ ፌስታሉን ጠቅልላ ቋጠረችው። «የቡሬ ነው፤ ይታወቃል» አለችኝ በጆሮዬ። «ትንሽ ታካፍይኛለሽ፣ እኔም አልናገር።» መራዊ ስደርስ አካፈልኳት። ነጠላዋን እንኳ ሳይቀር ጥላልኝ ልትሄድ ነበር፤ በግድ መለስኩላት።

ፈንታ መናኸሪያው ላይ በባጃጅ ጠበቀኝ። ሰላምታ ሲሰጠኝ አስነጠስኩበት። ቤቱ ስንደርስ አንጓች ከአልጋዋ ተነሥታ በሩ ድረስ መጣች። ሕፃኗን ሳትሰጠኝ በፊት ወሬ ሰጠችኝ፤ ወራትን ሙሉ ያጠራቀመችውን። ዕለቱ ጾም ስለነበር እራት የቆጋ ድንች ወጥ ነው። የእኛ አገር ድንች ትንንሽ ነው፤ የቆጋው አንዱ ለሁለት ሰው ይሆናል።

የፈንታ እናት እማ ስመኝ ስበላ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። በመጨረሻ «ልጀ፣ እስኪ አንድ ነገር ተናገሪ» አሉኝ።

«ምን ልበል፣ እማ?»

«ምን አለች?» አሉ ወደ አንጓች ዞረው።

«ምን ልበል ነው የምትል።»

«እንግዲህ ይቺ ናት ሰይጣንን የምታባርረው» አሉና ተነሥተው ወጡ። አንጓች ሳቀች። እኔ ግን ያንን ሌሊት ቃሉን በልቤ ስደጋግም አደርኩ።

*ሐሙስ*

አሁን ስለ ቦዩ ልንገራችሁ።

ከመራዊ አጠገብ ትልቅ ግድብ አለ። ውሃው ከግድቡ በዋና ቦይ ይወጣና እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈለ ወደየማሳው ይሄዳል። በቦዩ ዳር እግረኛና አህያ የሚሄድበት መንገድ አለ፤ እንደ አውድማ የተደለደለ። አቀበት የለ፣ ቁልቁለት የለ፣ ድንጋይ የለ። እኔ ሩጫ ማለት እግሬ የት እንደሚያርፍ መሬት መሬት ማየት ነው ብዬ ያደግሁ ነኝ። ላህ ዳር አንገቴን ካቀናሁ እወድቃለሁ። እዚህ አንገቴን አቅንቼ ሮጥኩ! በአንድ በኩል አረንጓዴ ስንዴ፣ በሌላው በኩል ውሃ፣ በላይ ነጫጭ ወፎች። እኛ ዘንድ በጥር ሜዳው ሁሉ ገለባ ነው። እዚህ ክረምት የወጣ አይመስልም።

ከሁሉም በላይ ግን ይኼ ነው። ፈንታ ስንዴውን የሚያጠጣበት ተራ ያን ቀን ጠዋት ነበር። ባዶ የነበረ ቅርንጫፍ ቦይ አለ፤ የላይኛው መዝጊያ ሲነሣ ውሃው መጣ። መጀመሪያ ድምፁ ነው የመጣው፤ ከዚያ የውሃው ራስ፣ ገለባና አረፋ እየገፋ፣ እንቁራሪቱን እያስዘለለ። ፈንታ «በይ ቅደሚዋ!» አለኝ። ሮጥኩ። ውሃው ከጎኔ ይሮጣል። ስፈጥን ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቀስ ስል ይደርስብኛል። አንድ ጊዜ ቀደመኝ፤ አንድ ጊዜ ቀደምኩት፤ ሳቄ መተንፈስ ከለከለኝ። ማሳው ጫፍ ላይ ቀድሜ ደርሼ ስዞር ውሃው መጥቶ ጫማዬን አራሰው። እኩል ወጣን ብለን ተለያየን።

ያን ጊዜ ከሩቅ አንድ ረጅም ሽማግሌ በቦዩ ዳር ሲመጡ አየሁ። ትከሻቸው ላይ አካፋ፣ አንገታቸው ላይ ጥሩንባ። አፈርኩና ስንዴው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ካለፉ በኋላ ፈንታ ነገረኝ። አያ ቢምረው ይባላሉ፤ የውሃ አባት ናቸው። መዝጊያውን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም፣ ተራ የሚያስከብሩትም እሳቸው ናቸው።

«ጥሩንባው ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ቦዩ ሲፈርስ ይነፉታል። ያን ጊዜ ማንም ሰው ቢሆን የያዘውን ጥሎ አካፋ ይዞ ይወጣል። አምና አንዴ ፈርሶ የሰው ድንች ሁሉ ዋኘ።»

ማታ አንጓች ፀጉሯን እየተሠራች ሳለ እትየ አልማዝ መጡ። ትልቅ ሴት፣ ሳቂታ፣ ድምፃቸው እውነትም ማዶ የሚሻገር። «ክርስትና እናታችን ይቺ ናት?» አሉና ሁለት ጉንጬን ሳሙኝ። «አይዞሽ፣ ቃሉ ከጠፋብሽ እኔ ከኋላሽ አለሁ።» ደግ ሴት ናቸው። እማ ስመኝ ግን «ነገ ሦስት ሰዓት ነው ከቤት የምንወጣው፤ የሌለ አይጠበቅም» አሉ። ይህን ሲሉ የሚያዩት ጫማዬን ነበር።

*ዓርብ*

ቀኑ ጾም ስለሆነ ቅዳሴው የሚገባው ወደ ቀትር ነው፤ ክርስትናውም ከዚያ በፊት ረፈድ ብሎ ነው። እኔ ግን ገና ሲነጋጋ ነቃሁ። እንደሚመስላችሁ ለሩጫ ብቻ አልወጣሁም። ቃሉን ልለማመድ ነው። ቤት ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ ቦይ ዳር ግን ማን ይሰማኛል? ማተቡን እንዳይጠፋብኝ እጄ ላይ ጠምጥሜ ወጣሁ። አንጓች በእንቅልፍ ልቧ «ቶሎ ተመለሽ» አለችኝ።

የፈንታ ሰፈር መታጠፊያ ላይ ምልክት ያዝኩ። እኛ አገር ምልክት ዋርካ ነው፣ ወይ ጉብታ ነው። ቆጋ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ነው፦ ቦይ፣ ስንዴ፣ ባሕር ዛፍ፣ ቦይ። ስለዚህ መታጠፊያው ላይ የተከመረ የሽንኩርት ጆንያ አየሁና ይኼ ይበቃኛል አልኩ።

እየሮጥኩ መለማመድ ጀመርኩ። «ሰይጣን ሆይ፣ እክድሃለሁ።» ለእንቁራሪቶቹ ነገርኳቸው፤ ዘለው ውሃ ገቡ። ለነጫጭ ወፎቹ ነገርኳቸው፤ አንዷ ብቻ ዞር ብላ አየችኝ። ድምፄ ከእርምጃዬ አይበልጥም ነበር። ቢሆንም ቃሉ ከእግሬ ጋር መምታት ሲጀምር እንደ ዘፈን ጣመኝ። ለራሴ ስስቅ፣ ስሮጥ፣ ስክድ፣ ፀሐይ ወጣች። ዞርኩ።

ለካ መኪና መጥቶ የመጀመሪያውን ክምር ጭኖ ሄዷል። እኔ ምን አውቄ! መታጠፊያውን ሳላየው አለፍኩት። ቀጥሎ ያለው መታጠፊያ ላይ ሌላ ክምር ሽንኩርት ነበር። «ያውና!» ብዬ ታጠፍኩ።

ስንዴ። ባሕር ዛፍ። ቦይ። ሰፈር ግን የለም። ትንሽ ልጨምር ብዬ ሮጥኩ። አሁንም የለም። ፀሐይዋ ከፍ አለች። እትየ አልማዝ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ሕፃኗን ሲቀበሉ ታየኝ። አንጓች መንገድ መንገዱን ስታይ ታየችኝ። ያን ጊዜ እውነተኛ ሩጫ ሮጥኩ፤ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸጉጬ፣ ነጠላዬ ከኋላዬ እየተውለበለበ።

ሽንኩርት የሚኮተኩት ሰውዬ ቀና ብሎ «ምነው? ምን ተገኘ? የት ላይ ነው?» ብሎ ጮኸ።

የት እንደምሄድ የጠየቀኝ መስሎኝ እንደ ወፍጮ ቤት ልማዴ እጄን ዘርግቼ ውሃው ወደሚወርድበት፣ ወደፊት ጠቆምኩ። አልቆምኩም።

ገጠር ውስጥ ሰው ያለ ምክንያት አይሮጥም። ሴት፣ በጠዋት፣ በቦይ ዳር፣ ቀሚሷን ሸጉጣ፣ ወደ ታች እየጠቆመች ከሮጠች ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው። ይኼን ኋላ ነው የተረዳሁት። ያን ጊዜ የሰማሁት ከጀርባዬ «ቦዩ ፈርሷል! ታች ነው፣ ታች ነው!» የሚል ጩኸት ነው። ቀጥሎ ጥሩንባ።

በማርያም! ቦዩ ፈረሰ አልኩ፤ ውሃው መጣ! ዞር ስል በሁለቱም ዳር ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ይሮጣል። እነሱ ስለሚሮጡ እኔ ፈጠንኩ። እኔ ስለፈጠንኩ እነሱ ባሰባቸው። ከየማሳው ሌላ ሌላ ሰው ይጨመራል። ጥሩንባው ይነፋል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ ሮጬ አላውቅም፤ ደግሞ በፍርሃቴ መሃል፣ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ቦዩ ኩሬ ላይ አለቀ። መንገዱም እዚያው አለቀ። ቆምኩ። ሁሉም ደርሰው ቆሙ። አያ ቢምረው ጥሩንባቸውን እንደያዙ፣ ጉልበታቸውን ተደግፈው፣ «የታለ?» አሉኝ። «የቱ ጋ ነው የፈረሰው?»

ያ ሁሉ ሰው አየኝ። የማውቀው ሰው ሁሉ ቢደመር ያን ያህል አይሆንም። ውሃው ኩሬው ውስጥ ዝም ብሎ ተኝቷል። የምጠቁመው ነገር ስላልነበር እጄ አልረዳኝም።

«አልፈረሰም» አልኩ።

«ምን አለች?»

«አልፈረሰም! እኔ... ክርስትና ላነሳ ነው!»

ሽንኩርት ሲኮተኩት የነበረው ሰውዬ «ክርስትና? ኩሬ ውስጥ?» አለ።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ አያ ቢምረው።

«የፈንታ። ጠፍቶብኝ ነው።»

«የፈንታ ቤት እኮ ያውልሽ፣ ከጀርባሽ! ጀርባሽን ሰጥተሽው እኮ ነው የምትሮጪው! ለመሆኑ ጠዋት ከዚያ ምን አስወጣሽ?»

«ለሩጫ ነው የወጣሁት።»

«ማን አባረረሽ?»

«ማንም። ለደስታዬ ነው።»

«ለደስታዋ!» አሉ አያ ቢምረው፣ ወደ ሰዉ ዞረው። አንዲት ሴት አካፋዋን ተደግፋ መሳቅ ጀመረች። «እኔ ለደስታዋ ብዬ ድንቼን ጥዬ መጣሁ!» ሳቁ ከአንዱ ወደ አንዱ ተላለፈ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ዕንባዬ መጣ፤ የሳቅ ይሁን የጭንቀት አላውቅም። «ሦስት ሰዓት ነበር የሚወጡት» አልኳቸው። «ካልደረስኩ ሌላ ሰው ነው የሚያነሳት።»

አያ ቢምረው ፀሐይዋን አዩ። «ሦስት ሰዓትማ አለፈ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ናቸው» አሉ። ቀና ብለው፦ «በሉ! ይቺ ልጅ በነፃ እንዳስሮጠችን እኛም እናስሩጣት!»

በማሳ መሃል አቋራጭ እየመሩኝ ሮጡ። ቦይ ስንደርስ አካፋ አጋድመው አሻገሩኝ። የመንገዱን ከብት ለማስለቀቅ አያ ቢምረው ጥሩንባ ይነፋሉ። ጥሩንባው በተነፋ ቁጥር ነገሩን ያልሰማ ሌላ ሰው አካፋ ይዞ ይወጣል፤ «ቦዩ ነው?» ሲል «ክርስትና ነው!» ይሉታል፤ እሱም ይከተላል።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንደርስ ፈንታ ከሩቅ አየንና ፊቱ አመድ መሰለ። «ስንዴዬ!» አለ።

«ስንዴህ ደኅና ነው» አሉት አያ ቢምረው። «እንግዳህን እንካ።»

አንጓች እዚያው በር ላይ ነበረች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ቁጣዋም ደስታዋም ባንድ ጊዜ መጥቶ አንዱንም መናገር አቃታት። አንጓች ዝም ስትል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ፊቴን በእጇ ጠረገችልኝ፤ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ፤ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ሕፃኗ እትየ አልማዝ እጅ ነበረች። ቄሱ መጽሐፋቸውን ገልጠዋል።

«ክርስትና እናቷ ማን ናት?» አሉ።

እማ ስመኝ እትየ አልማዝን አዩ። እትየ አልማዝ እኔን አዩ። በሩ ላይ አካፋ የያዘ ሰው ተደርድሮ ሁሉም እኔን ያያል። አሁን ካልተናገርኩ ሚኒባሱ አለፈ ማለት ነው።

«እኔ ነኝ!»

ድምፁ የማን እንደሆነ ለማወቅ እኔ ራሴ ዞሬ ነበር። ሳንባዬ በሩጫው ተከፍቶ ቀርቷል፤ ቀስ ብሎ መናገር ቢያምረኝም አልችልም። እትየ አልማዝ ሕፃኗን እጄ ላይ አደረጉልኝ። «እኔ ድምፅ አለኝ እንጂ እንዲህ ያለ እግር የለኝም» አሉኝ። ቄሱ ወደ ምዕራብ አዞሩኝና ቃሉን ሰጡኝ።

«ሰይጣን ሆይ፣ እክድሃለሁ!» አልኩ፤ ርግቦች ከጣሪያው ተነሡ። ሕፃኗ አላለቀሰችም፤ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አብልጬ ጮኽኩ። ቄሱ መጽሐፉን ዝቅ አድርገው፣ «ልጀ፣ እሱ ሰምቶ ሸሽቷል፤ አሁን ሕፃኗን እንዳታባርሪያት» አሉኝ። በሩ ላይ ያሉት በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እማ ስመኝ ግን አልሳቁም። ጠጋ ብለው ክንዴን ያዙና እስኪያልቅ ድረስ አልለቀቁኝም። ማተቡን ከእጄ ፈትቼ ሰጠሁ፤ በላቤ ርሶ ነበር፤ እንደዚያው አንገቷ ላይ ታሰረ።

ድግሱ ለዘመድ የተዘጋጀ ሽሮና ዳቦ ነበር። አካፋ የያዘውን ሕዝብ ግን ማን ሂድ ይለዋል? አጥሩ ላይ አካፋው ተደርድሮ ገቡ። ወጡ እንዳያልቅ ሴቶቹ ከየማሳቸው ድንች አመጡ፤ እማ ስመኝ የቡሬውን በርበሬ ሳይሳሱ ጨመሩበት። የበላ ሁሉ አስነጠሰ።

*ቅዳሜ*

አያ ቢምረው ሽንኩርት በፌስታል ይዘው ሊሸኙኝ መጡ። «ሌላ ጊዜ ስትመጪ ቀድመሽ አስነግሪ» አሉኝ። «ጥሩንባዬን ቤት ትቼ እወጣለሁ።» አንጓች ሕፃኗን አቅፋ ቦዩ ዳር ድረስ መጣች፤ መናገር ተመልሶላት ነበርና ባጃጁ እስኪጠፋ ድረስ ስታወራ ሰማኋት።

መንገዱ ሰላም ነበር። እንጅባራን፣ ቡሬን አለፍን፤ አክስቴ በር ላይ ነበረች፤ አወዛወዝኩላት። ፍኖተ ሰላም ገባን። የእኔ ሰፈር ከመናኸሪያው በፊት ነው።

«ወራጅ አለ!» አልኩ።

ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ። ከፊት ያለው ሕፃን ነቃ። ረዳቱ ጆሮውን ይዞ «ኧረ እህቴ፣ እዚሁ ነኝ እኮ!» አለኝ። ሽንኩርቴን ይዤ ወረድኩ። ፀሐይ ገና ነበረች፣ መንገዱ ላይ ሰው ሞልቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት፣ በሰው ፊት ሮጬ አላውቅም። ጫማዬን አጥብቄ አሰርኩና ሮጥኩ።

የጎረቤታችን አሮጊት ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ ደንግጠው ተነሡ። «ትርንጎ! ምነው ልጀ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማማ! ክርስትና አንስቼ መምጣቴ ነው!»

«ታዲያ ምን ያስሮጥሻል?»

«ለደስታዬ ነው!» አልኳቸው፣ ሳልቆም።